የሰልፈኞችን እጅ የሚያደክም ማን ነው?

ኢየሩሳሌም በናቡከደነፆር ሠራዊት ተከብባ፣ በውስጧ እንጀራ እየነጠፈ፣ በውጭ የከለዳውያን የአፈር ድልድል ከቅጥሯ ጋር እየተካከለ በሄደበት ወራት፣ አራት የይሁዳ መኳንንት፣ እነ ሰፋጥያስና ጎዶልያስ፣ እነ ዮካልና ጳስኮር፣ ወደ ንጉሡ ወደ ሴዴቅያስ ገብተው ስለ ነቢዩ ስለ ኤርምያስ ያቀረቡት ክስ፣ ከዚያ ወዲህ በየዘመኑና በየመንግሥቱ፣ ቋንቋውና ልብሱ እየተለወጠ፣ ጦርነት በተነሣ ቁጥር ሲደገም የኖረ ክስ ነው። ክሱም በአጭሩ፣ ይህ ሰው በሚናገረው ቃል የተዋጊውን ክንድ ያዝላል፣ የሚሻውም የወገኑን ጥፋት ነው፣ ስለዚህ ሞት ይገባዋል የሚል ነበር። ንጉሡም ንጉሥ ሆኖ ሳለ እናንተን የሚከለክል ሥልጣን የለኝም ብሎ ሰውየውን አሳልፎ ሰጣቸው፤ እነርሱም በግዞት ቤቱ አደባባይ ከነበረው ጉድጓድ በገመድ አወረዱት። በጉድጓዱ ውሃ አልነበረበትም፤ ጭቃ ብቻ ነበረበት፤ ነቢዩም በጭቃው ውስጥ ተዘፈቀ።

ሀገር በጦርነት ላይ ሳለች የጦር አለቆችን ስሕተትና የሠራዊትን በደል በአደባባይ መናገር ኃጢአት ነውን፣ ወይስ ግዴታ? ጥያቄው የመንግሥት አስተዳደር ብቻ ቢሆን ኖሮ ለሕግ ዐዋቂዎች ትተነው እናልፍ ነበር። ነገር ግን ጦርነት ማለት በሥልጣን ትእዛዝ የሰው ደም የሚፈስበት ሥራ ስለሆነ፣ ደምም ከአቤል ጀምሮ ከምድር ወደ ፈጣሪው የሚጮህና ተቈጣጣሪ ያለው ነገር መሆኑን ስለ ተማርን፣ ያለ ተጠያቂ የሚፈስ ደም አለ ወይስ የለም ብሎ መጠየቅ የሃይማኖት ሰው ሊሸሸው የማይገባ ጥያቄ ነው።

አስቀድመን ግን በመኳንንቱ ላይ ፍርድ አናጓድልባቸው። ኤርምያስ ይናገር የነበረው ቀላል ነገር አልነበረም፤ በከተማይቱ የሚቀረው በሰይፍ፣ በራብና በቸነፈር ያልቃል፣ ወጥቶ እጁን ለከለዳውያን የሚሰጥ ግን ነፍሱን ያተርፋል እያለ፣ በቅጥር ላይ ለቆመ ወታደር ከቃል ሁሉ የሚከፋውን ቃል ሲሰብክ ነበር። እንዲህ ያለውን ስብከት በመከበብ ጊዜ የሚታገሥ የጦር አለቃ በየትኛውም መንግሥት ፈልጎ ማግኘት ይቸግራል፤ ዛሬ ራሳችንን የነጻነት ወዳጆች ብለን የምንጠራውም ብንሆን፣ ጠላት በደጃችን ቆሞ ጎረቤታችን እንደዚህ ሲናገር ብንሰማ፣ ከአራቱ መኳንንት ጋር ወደ ቤተ መንግሥት የማንሮጥ ስንት እንደምንገኝ እግዚአብሔር ያውቃል። ስለዚህ የክሱ ደካማነት ክሱ ፈጽሞ ሐሰት በመሆኑ አይደለም። ደካማነቱ ሌላ ነው፤ ከሳሾቹ ስለ ሰልፈኞቹ እጅ ሲቆረቆሩ፣ ያንን እጅ አስቀድሞ ያደከመው የራሳቸው ሥራ መሆኑን ሸፍነው ማለፋቸው ነው።

ይኸውም ሥራ በዚያው በነቢዩ መጽሐፍ፣ ከጉድጓዱ ታሪክ ጥቂት ምዕራፎች ቀደም ብሎ ተጽፏል። ከበባው በጠነከረ ጊዜ ሴዴቅያስና የከተማይቱ ጌቶች በእግዚአብሔር ቤት ቃል ኪዳን ገብተው፣ ጥጃ ለሁለት ከፍለው በክፍሎቹ መካከል አልፈው፣ ዕብራውያን ባሪያዎቻቸውንና ገረዶቻቸውን ሁሉ አርነት አወጡ። ሐታቾች እንደሚገምቱት፣ ከዚህ ምሕረት በስተጀርባ ቅጥሩን የሚጠብቅ ሰው የማብዛት ዓላማም ሳይኖርበት አልቀረም። ከዚያም የፈርዖን ጦር ከግብፅ መነሣቱ ተሰምቶ ከለዳውያን ለጥቂት ጊዜ ከከተማይቱ ሲርቁ፣ ጌቶቹ ቃላቸውን አጥፈው አርነት ያወጧቸውን ሰዎች እንደ ገና ባሪያ አድርገው ያዟቸው። ከለዳውያንም ተመለሱ። እንግዲህ ትናንት ነፃ ነህ ተብሎ ዛሬ ዳግመኛ ቀንበር የተጫነበት ሰው፣ ለዚያው ለጌታው ቤት ድንጋይ ተሸክሞ ወደ ቅጥሩ ሲወጣ ጉልበቱ ቢከዳው፣ ጉልበቱን የወሰደበት የነቢዩ ቃል ነውን? መኳንንቱ ይህን ጥያቄ በንጉሡ ፊት አላነሡትም፤ ኤርምያስ ግን አንሥቶት ነበር፤ ከጉድጓድ የሚያደርሰውም ቃል እንዲህ ያለው ቃል ነው።

በዚህ ጊዜ ነው የሀገራችን ስም በታሪኩ ውስጥ የሚገባው። በንጉሡ ቤት ጃንደረባ የነበረው ኢትዮጵያዊው አቤሜሌክ ኤርምያስ ከጉድጓድ መጣሉን ሰማ። አቤሜሌክ በዚያች ከተማ ምን ዓይነት ሥልጣን ነበረው ብለን ብንጠይቅ ምንም ማለት ይቻላል፤ መጻተኛ ነው፣ ጃንደረባ ነው፣ ዘመድ የለው፣ ርስት የለው፣ ከአራቱ መኳንንት አንዱ ቢቈጣው የሚያድነው ወገን የለውም። ንጉሡ በብንያም በር ተቀምጦ ነበር፤ በዚያ ዘመን ልማድ የከተማ በር ሕዝብ የሚወጣበትና የሚገባበት፣ ፍርድም የሚሰማበት አደባባይ ነው። አቤሜሌክም በእልፍኝ ሹክሹክታ ሳይሆን በዚያ ሄዶ፣ እነዚህ ሰዎች በነቢዩ ላይ ያደረጉት ክፉ ነው፣ በከተማይቱ እንጀራ አልቋልና በዚያው በራብ ይሞታል ብሎ ለንጉሡ ተናገረ።

ከንግግሩ ውስጥ ያለውን ብቻ ሳይሆን የሌለውንም እንመልከት። አቤሜሌክ ኤርምያስ እውነተኛ ነቢይ ነው አላለም፤ ለከለዳውያን እንገዛ አላለም፤ ስለ ጦርነቱ ስለ ራሱ አንድ ቃል አልተናገረም። የተናገረው በአንድ ሰው ላይ ስለ ተፈጸመ ግፍና ግፉን ስለ ፈጸሙት ባለሥልጣናት ብቻ ነው። በጦርነት ጊዜ ስለ መናገር ነጻነት በምንከራከርበት ሰዓት ብዙ ጊዜ የምንስተው ይህን ነው፤ የተናጋሪው ቃል ትክክል መሆኑ ካልተረጋገጠ ለተናጋሪው መቆም የሚገባ አይመስለንም፤ ለእርሱ የቆመውንም ሁሉ የቃሉ ተካፋይ አድርገን እንቈጥረዋለን። ኢትዮጵያዊው ጃንደረባ ግን ሁለቱን ለያቸው፤ ነቢዩ ተሳስቶ እንደሆነ በሕግ ይጠየቅ ዘንድ፣ አስቀድሞ በሕይወት መኖር ነበረበት።

ንጉሡም 30 ሰዎች ወስደህ አውጣው አለው። አቤሜሌክ ሰዎቹን ይዞ ወዲያው ወደ ጉድጓዱ አልሮጠም፤ ከንጉሡ ግምጃ ቤት በታች ካለ ስፍራ አሮጌ ጨርቅና ያለቀ ልብስ ሰብስቦ፣ ገመዱ ሥጋውን እንዳይልጠው በብብቱ ሥር ያደርገው ዘንድ ለነቢዩ ወረወረለት። ጸሐፊው ይህችን ነገር ባያስገባት ታሪኩ የሚጎድለው አልነበረም፤ አስገባት እንጂ። እኔም ስለ ጦርነትና ስለ መንግሥት ከተጻፉት መጻሕፍት ብዙዎቹን ይህች አሮጌ ጨርቅ ትበልጥብኛለች፤ ስለ እውነት ከመከራከር አልፎ፣ እውነት የተናገረውን ሰው ብብት ያሰበ ሰው መኖሩን ታስረዳለችና።

ቤተ ክርስቲያናችን በምትቀበለው በተረፈ ባሮክ እንደ ተነገረው፣ አቤሜሌክ የከተማይቱን ጥፋት እንዳያይ ኤርምያስ ለመነለት፤ በለስ ሊያመጣ ሄዶ በዛፍ ጥላ ሥር 66 ዓመት አንቀላፋ፤ ሲነቃም በለሱ እንደ ተቀጠፈ ነበር። በጦርነት ጊዜ ደፍሮ ለተናገረ ሰው የተሰጠው ዋጋ የጦርነቱን ፍጻሜ አለማየት መሆኑ፣ ሳስበው ሁልጊዜ የሚያስደንቀኝ ነገር ነው።

ነቢዩ ከጉድጓድ ከወጣ በኋላ ሴዴቅያስ ያደረገው ነገር ደግሞ ለገዥዎች ትምህርት የሚሆን ነው። ንጉሡ ኤርምያስን በእግዚአብሔር ቤት ወዳለው ወደ ሦስተኛው መግቢያ በስውር አስጠርቶ እውነቱን እንዲነግረው ለመነው፤ ነቢዩም በአደባባይ ሲናገረው የነበረውን ያንኑ ቃል ነገረው፤ ንጉሡም ከሰማው በኋላ መኳንንቱ ቢጠይቁህ ስለ ሌላ ነገር ልትለምነኝ እንደ መጣህ ንገራቸው ብሎ አስጠነቀቀው። እውነትን በስውር መስማትና በአደባባይ ማፈን የብዙ ነገሥታት ጠባይ ነው። ሴዴቅያስ ከዚህ ያተረፈው ግን ምንድን ነው? እውነቱን ለብቻው ዐወቀ፤ ለብቻው የታወቀ እውነት ደግሞ አይሠራም፤ ሊያደርገው ቢነሣ መኳንንቱም ሠራዊቱም ሕዝቡም አብረውት የሚያዩት ነገር አልነበረምና፣ ወደ ከለዳውያን የኮበለሉት አይሁድ ይሣለቁብኛል ብሎ ፈርቶ ተቀመጠ። ቅጥሩ በተነደለ ጊዜ በንጉሡ አትክልት መንገድ በሌሊት ሸሸ፤ በኢያሪኮ ሜዳ ተያዘ፤ ልጆቹ በፊቱ ታረዱ፤ ከዚያም ዓይኖቹ ጠፉ። ከእርሱ ጋር በሌሊት የሸሹት፣ የነቢዩ ቃል እጃቸውን እንዳያደክም ሲፈራላቸው የነበሩት ሰልፈኞች ነበሩ።

ነገሩን ይበልጥ የሚያስደንቅ የሚያደርገው ከምድር ውስጥ የወጣ ምስክር መገኘቱ ነው። በ1935 እ.ኤ.አ. እንግሊዛዊው ስታርኪ የጥንቷን ከተማ ለኪስን ሲያስቆፍር፣ በከተማይቱ በር አጠገብ በነበረ፣ በእሳት በጋየ ክፍል ውስጥ በቀለም የተጻፈባቸው የሸክላ ስብርባሪዎች አገኘ። ለኪስና ዓዜቃ በዚያ ጦርነት ከይሁዳ የተመሸጉ ከተሞች ሳይያዙ የቀሩት መሆናቸውን ኤርምያስ ራሱ ጽፏል፤ ገሎቹም የዚያው ዘመን የወታደር ደብዳቤዎች ናቸው፤ በአንደኛው ላይ ጸሐፊው የለኪስን የእሳት ምልክት እየጠበቁ መሆናቸውን፣ የዓዜቃን ግን ማየት አለመቻላቸውን ለአለቃው ያስታውቃል። ስድስተኛው ገል ነው ለእኛ ነገር የሚጠቅመው። በዚያ ላይ አንድ የበታች ሹም ወደ አለቃው ወደ ያውሽ ሲጽፍ፣ ከተላኩለት ደብዳቤዎች ያነበበው ቃል መልካም አለመሆኑን፣ እጅን የሚያደክም መሆኑን ገልጾ፣ ለምን እንዲህ ታደርጋላችሁ ብለህ አትጽፍላቸውምን ብሎ ይጠይቃል። የቃሉ ተናጋሪዎች እነማን እንደሆኑ በሚናገረው ቦታ ቀለሙ ደብዝዟል፤ ብዙዎቹ ሊቃውንት ግን መኳንንት ብለው አንብበውታል። ንባቡ እንዲህ ከሆነ፣ መኳንንቱ በኢየሩሳሌም ነቢዩን የከሰሱበትን ያንኑ ክስ በዚያው ዘመን አንድ የጦር ሜዳ ሰው በመኳንንት ላይ አቅርቦት ነበር ማለት ነው። ክስ ከላይ ወደ ታች ሲወርድ ሰይፍ ይዞ ይወርዳል፤ ከታች ወደ ላይ ሲወጣ ግን በገል ላይ ተጽፎ ከአመድ በታች 2500 ዓመት ይቀመጣል።

ስለ ጦር ተጠያቂነት ከሆነ ግን በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ከኢዮአብ መልእክተኛ ታሪክ የሚበልጥ የለም። የዳዊትና የቤርሳቤህ ነገር በየዓመቱ ስለ ዝሙትና ስለ ንስሐ ይሰበክበታል፤ በመካከሉ ያለው የጦር ሜዳ ዘገባ ግን እምብዛም አይነሣም። ንጉሡ ኬጢያዊው ኦርዮ ይሞት ዘንድ ትእዛዙን ጽፎ በራሱ በኦርዮ እጅ ላከ፤ ትእዛዙም ኦርዮን ሰልፍ በጠነከረበት አቁማችሁ እናንተ ከኋላው ሽሹ የሚል ነበር። ኢዮአብ ግን ልምድ ያለው የጦር አለቃ ነው፤ አንድን ሰው ብቻ ጥሎ መሸሽ በሠራዊቱ ፊት ነገሩን እንደሚያስነቃ ሳያውቀው አልቀረም። ስለዚህ በከተማይቱ ቅጥር ሥር እውነተኛ ሰልፍ ሆነ፤ ከዳዊት ባሪያዎችም አንዳንዶቹ ወደቁ፤ ኦርዮም ከእነርሱ ጋር ሞተ። የአንዱ ሰው ግድያ ጦርነት እንዲመስል ሌሎች ሰዎች ከእርሱ ጋር መሞት ነበረባቸው።

ከዚያም ኢዮአብ መልእክተኛውን ልኮ፣ ምን እንደሚጠየቅና ምን እንደሚመልስ አስቀድሞ አስጠናው። ንጉሡ ተቈጥቶ ለምን ወደ ቅጥሩ ቀረባችሁ፣ የይሩበኣልን ልጅ አቤሜሌክን (ይህ ከኢትዮጵያዊው ጋር በስም ብቻ የሚገናኝ ሌላ ሰው ነው) በቴቤስ አንዲት ሴት ከቅጥር ላይ የወፍጮ መጅ ለቅቃ አልገደለችውምን ብሎ ቢጠይቅ፣ ባሪያህ ኦርዮም ሞቷል በለው አለው። ይህን ስናነብ በዳዊት ሠራዊት ውስጥ ጥሩ ሥርዓት እንደ ነበረ እንረዳለን። ሰው ሲወድቅ ንጉሡ ለምን ብሎ ይጠይቅ ነበር፤ የቀድሞ ሰልፎች ስሕተት ተመዝግቦ በቃል ይጠቀስ ነበር፤ አለቃው መልስ ሳያዘጋጅ ዘገባ አይልክም ነበር። በዚያ ቀን ግን ጠያቂው ራሱ የጥፋቱ ባለቤት ስለ ነበረ ጥያቄው በአፉ ውስጥ ሞተ። መልእክተኛው የተናገረውን ተናግሮ ሲጨርስ፣ ዳዊት ይህ ነገር አያስከፋህ፣ ሰይፍ አንድ ጊዜ ይህን አንድ ጊዜ ያን ይበላልና ሰልፍህን አበርታ ብሎ ለኢዮአብ ላከበት። ነፍሰ ገዳዩ በዚያ ሰዓት አበረታች ሆኖ ተገኘ።

የሠራዊት ሥርዓት ራሱን በራሱ ይመርምር፣ ውጪ ያለ ሰው አይግባበት ለሚሉ ሁሉ ከዚህ የሚበልጥ መልስ አላውቅም። የትእዛዙ ሰንሰለት ከራሱ ጀምሮ በዝገት ሲበላ፣ ከሰንሰለቱ ውጭ የቆመ፣ ዳዊትን በፊቱ እንደ ገሠጸው እንደ ነቢዩ ናታን ያለ ሰው ያስፈልጋል። ናታን የጦር ሰው አልነበረም፤ ስለ ቅጥርና ስለ ፍላጻ የሚያውቀው ነገር እንደ ነበረ አልተጻፈልንም፤ አንተ በጦር ሜዳ ያልነበርክ በምን ዐውቀህ ትናገራለህ ቢባል መልስ ባላገኘ ነበር። የተናገረውም የአሞን ልጆች ጦርነት ገና ሳያልቅ፣ ኢዮአብ ከተማይቱን ከብቦ ሳለ ነው። ጦርነቱ እስኪያልቅ ልታገሥ አላለም። ሆኖም ናታንም ቢሆን ስለ ኦርዮ ጠየቀ እንጂ፣ ከኦርዮ ጋር የወደቁትን ሰዎች ስም የጠራ እስከ ዛሬ የለም።

እዚህ ላይ አስተዋይ አንባቢ፣ ጦርነት ምሥጢር የሚፈልግ ሥራ መሆኑን አትርሳ ማለቱ አይቀርም። አልረሳሁትም፤ ኢያሱ በኢያሪኮ ዙሪያ ሕዝቡን ሲያዞር እስከ ቀኑ ድረስ ማንም ድምፁን እንዳያሰማ አዝዞ ነበር፤ ሠራዊት ነገ በየትኛው ሸለቆ እንደሚያልፍ ለጠላት ጆሮ የሚያደርስ ሰው የመናገር ነጻነት አለኝ ቢል ማንም አይሰማውም። ነገር ግን ነገ የሚደረገውን መሸሸግ አንድ ነገር ነው፤ ትናንት የተደረገውን መካድ ሌላ ነገር ነው። እርግጥ ሁለቱ ሁልጊዜ በግልጽ አይለዩም፤ ትናንት ጥይት አለቀብን ብሎ የሚናገር ሰው ነገም የለንም ማለቱ እንደሆነ ጠላት ሊረዳው ይችላል፤ እዚህ ላይ ሳንሱረኛውም የሚለው አለው። በሲቪል ሰው ላይ ስለ ተፈጸመ ግፍ፣ ስለ ተበላ ስንቅ፣ ስለ ተጣለ ቁስለኛ ግን ለጠላት የሚጠቅም ምን ምሥጢር አለ? ግፍ የተፈጸመበት መንደር ያውቀዋል፣ ጠላት ያውቀዋል፣ የፈጸመው ወታደር ያውቀዋል፤ የማያውቀው ግብር የሚከፍለውና ልጁን የላከው የሀገሩ ሕዝብ ብቻ ነው።

ሌላው፣ እኔም እንደ ከባድ የምቈጥረው ተቃውሞ፣ የአደባባይ ቃል ራሱ ግፈኛ ሊሆን መቻሉ ነው። በ406 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ አቴናውያን በአርጊኑሳይ አጠገብ በባሕር ስፓርታውያንን ድል ነሡ፤ ነገር ግን ማዕበል ተነሥቶ ከተሰበሩት መርከቦቻቸው የወደቁትን ሰዎች ሳያነሡ ቀሩ። ሕዝቡም ተቈጣ፤ ከ8ቱ የጦር አለቆች ወደ ከተማ የተመለሱት 6ቱ፣ እያንዳንዱ በየራሱ ጉዳይ ሊዳኝ ሲገባው፣ በአንድ ድምፅ በጅምላ ተፈርዶባቸው ተገደሉ፤ ከእነርሱም መካከል የታላቁ የጴሪክሊስ ልጅ ነበረ። በዚያ ቀን ከጉባኤው አስተዳዳሪዎች አንዱ የነበረው ሶቅራጥስ፣ ሕግን የሚያፈርስ ድምፅ አላሰጥም ብሎ ለብቻው ቆመ፤ አልሰሙትም። ሕዝቡ በኋላ ተጸጸተ፤ በማግሥቱም ዓመት መርከቦቹ በአይጎስፖታሞይ ጠፉ። ስለ ሞቱት ወገኖቹ መጠየቁ ተገቢ ነበረ፤ ጥያቄው ዳኛና ምስክር ሳያስፈልገው ወደ ሰይፍ መሄዱ ግን ሌላ ደም አስጨመረ። ስለዚህ በጦርነት ጊዜ ይነገር ስንል፣ የተነገረው ሁሉ ፍርድ ነው ማለታችን አይደለም፤ ንግግር ክስ ያመጣል፣ ፍርድን ግን ሕግ ይሰጣል።

በሁለተኛው ጽንፍ የቆመ ምሳሌ ከፈረንሳይ እንውሰድ። የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በተጀመረ በሁለተኛው ወር፣ በመስከረም 1914 እ.ኤ.አ.፣ ሽማግሌው ክሌማንሶ፣ በሙያው ሐኪም የነበረው የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት (ሴናት) አባል፣ «ነፃው ሰው» በሚባለው ጋዜጣው ላይ ቁስለኞች ፈረስ ሲጫንባቸው በዋሉ፣ ባልጸዱ የባቡር ፉርጎዎች ተጭነው ስለሚጓዙ በቴታነስ እየሞቱ መሆናቸውን ጻፈ። መንግሥትም ጋዜጣውን አገደው። ሰውየው ጋዜጣውን «በሰንሰለት የታሰረው ሰው» ብሎ ሰይሞ ማተሙን ቀጠለ። የፉርጎ ጭድና የፈረስ ፋንድያ በምን መንገድ ለጀርመን ጦር የሚጠቅም ምሥጢር ይሆናል ብሎ የሚጠይቅ ሰው፣ የሳንሱርን ጠባይ ገና አልተረዳውም፤ ሳንሱር ለጠላት ከሚጠቅመው ይልቅ ለሹም የሚያሳፍረውን አስቀድሞ ያያል። የታሪኩ ሁለተኛ ክፍል ግን ለክሌማንሶ ወዳጆች ደስ የሚያሰኝ አይደለም፤ በ1917 ራሱ ጠቅላይ ሚኒስትር በሆነ ጊዜ በጋዜጦች ላይ የነበረውን ቀንበር በአንድ ወገን ቢያላላም፣ ስለ ሰላም ድርድር የተናገሩትን ባላጋራዎቹን፣ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበረውን ካዮን ሳይቀር፣ ተስፋ አስቈራጮች በማለት አሳደደ። ከጉድጓድ የወጣ ሰው ሁሉ ሌላውን ከመጣል አይመለስም።

እንግሊዞች በግንቦት 1940 እ.ኤ.አ. ያደረጉትን በአጭሩ እናልፈዋለን፤ ወታደሮቻቸው በናርቪክ ገና ሲዋጉ፣ ምክር ቤታቸው ስለ ኖርዌይ ዘመቻ ስሕተት ሁለት ቀን ሙሉ በአደባባይ ተከራከረ፤ በድምፁ ቈጠራ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ቻምበርሌን 281 ለ200 ቢያሸንፍም፣ ብልጫው በጣም ስለ ቀነሰ ሥልጣኑን ለቀቀ። የሚገርመው፣ ባሕር ኃይሉን ይመራ የነበረውና በስሕተቱ ትልቅ ድርሻ የነበረው ቸርችል በእርሱ ምትክ መሾሙ ነው። ያ ክርክር የእንግሊዝን ወታደር እጅ አድክሟል የሚል የታሪክ ጸሐፊ አላነበብሁም። የእኛም የጥንት ገዥዎች እረኛ ምን አለ ብለው ያስጠይቁ እንደ ነበር በአፍ ይነገራል፤ እረኛው ሳይፈራ በዜማ የሚለውን፣ መኳንንቱ በፊታቸው እንደማይሉት ያውቁ ነበርና።

ቃል በጦርነት ጊዜ ሲታፈን ምን እንደሚሆን ግን ከኢትዮጵያ የበለጠ የሚያውቅ ሀገር ጥቂት ነው፤ የምናውቀውም በሌላው ሕዝብ ዝምታ ነው። ኢጣልያ የመርዝ ጋዝን የሚከለክለውን የ1925 እ.ኤ.አ. የጄኔቫ ውል ፈርማ ሳለ፣ በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. አውሮፕላኖቿ በተከዜ አካባቢ በራስ እምሩ ጦር ላይ መርዝ ጣሉ፤ ከዚያም በየግንባሩ ቀጠሉ፤ በዚያው ወር በዶሎ ግንባር በመልካ ዲዳ የነበረውን የስዊድን ቀይ መስቀል ሆስፒታል ደበደቡ። ሙሶሊኒ ለጦር አዛዦቹ ለባዶልዮና ለግራዚያኒ ጋዝ እንዲጥሉ በቴሌግራም ፈቀደ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. በጄኔቫ ቆመው ይህን ለዓለም ሲናገሩ የኢጣልያ ጋዜጠኞች በፉጨት አወኳቸው። በሮማ ስለ ጋዙ የሚጽፍ ጋዜጣ አልነበረም፤ የጋዜጦችን አፍ የሚቈጣጠር ሚኒስቴር ነበረ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላም ግራዚያኒ ለፍርድ ሲቀርብ፣ ከጀርመኖች ጋር ስለ ተባበረ ተፈረደበት እንጂ፣ ስለ ኢትዮጵያ ማንም ፍርድ ቤት አልጠየቀውም።

በጦርነት ጊዜ የተጀመረው ዝምታ ከጦርነቱ ጋር አላለቀም። ጦርነቱ ካለፈ 30 ዓመት ገደማ በኋላ አንጄሎ ዴል ቦካ የተባለው ጸሐፊ ስለ ጋዙ በመጽሐፉ ሲገልጥ፣ የጦሩን ክብር አጎደፈ ተብሎ ከዘማቾችና ከጋዜጦች ብዙ ስድብ ደረሰበት፤ ክሱ ያው የሰፋጥያስና የጎዶልያስ ክስ ነበር፤ ልዩነቱ የሚደክም እጅ አለመኖሩ ነው፤ ሰልፈኞቹ አርጅተው ነበርና። ከተቃዋሚዎቹ ዋናው ታላቁ ጋዜጠኛ ኢንድሮ ሞንታኔሊ ነበረ። ይህ ሰው በዚያ ዘመቻ መኰንን ሆኖ ኢትዮጵያ ገብቶ ነበር፤ እኔ በቦታው ነበርሁ፣ ጋዝ አላየሁም ብሎ ለብዙ ዓመታት ተከራከረ። ሐሰተኛ ነበረ ለማለት አልደፍርም፤ እርሱ በነበረበት ስፍራ አልታየው ይሆናል፤ ያላየውን ሊያሳየው ይገባ የነበረው የሀገሩ ጋዜጣ ደግሞ በዚያን ጊዜ አፉ ተዘግቶ ነበር። በዚህ ምክንያት አንድ ወታደር የራሱን ዘመቻ ሳያውቅ 60 ዓመት ኖረ፤ ባለማወቁም ምስክርነቱ በራሱ ዘመቻ ላይ ሐሰተኛ ሆነ። በ1988 ዓ.ም. የኢጣልያ የመከላከያ ሚኒስትር ጋዝ መጣሉን በምክር ቤት ፊት በይፋ አመነ፤ ሞንታኔሊም በዚያ ጊዜ ወደ 90 ዓመት የተጠጋ ሽማግሌ ሆኖ፣ ሰነዶቹን ካየ በኋላ መሳሳቱን በጽሑፍ አምኖ ዴል ቦካን ይቅርታ ጠየቀ። በተከዜ ዳር ያ የመርዝ ጠል የወረደባቸው ሰዎች ግን የይቅርታውን ቃል ለመስማት አብዛኞቹ በሕይወት አልነበሩም፤ ባዶልዮም ከዚያ 40 ዓመት ቀደም ብሎ ማንም ሳይጠይቀው በቤቱ ሞቶ ነበር።